ደጋ ላይ የሚተነፍስ ሞተር

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ የሚያቀና አሮጌ አውቶቡስ ወለቃን ካለፈ በኋላ ፋታ የለውም። ኮሶዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ እያለ ዳገቱን ይያያዘዋል፤ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ዳባት፣ 100 ሲሞላው ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል 2850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከእሷ ትንሽ ወጣ እንዳሉ መሬቱ ድንገት ያልቅና ወልቀፊት ላይ ገደሉ አፉን ይከፍታል። መንገዱም በሊማሊሞ ጥምዝምዞች ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ ቆላ ውስጥ ይገባል። ማለዳ በውርጭ የተነሳ ሞተር ረፋዱ ላይ ሐሩር ይቀበለዋል፤ ሳስቶ የነበረው አየርም እየከበደ ይመጣል። የናፍጣ ሞተርን ጠባይ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ መንገድ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ናፍጣ የሚበላ ከባድ መኪና እዚህ ገደል ላይ መታየት የጀመረው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም ጎንደርን ከያዘ በኋላ ከተማዋን ከአሥመራ የሚያገናኘውን መንገድ በወልቀፊት በኩል አስወጣው። ወልቀፊት ላይ መሽጎ የቆየው ጦሩ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም ነው። በዚያን ጊዜ ከኢጣልያ ጦር መኪኖች መካከል ፊያት 634 እና ላንቻ ሮ ይገኙ ነበር፤ ሁለቱም የናፍጣ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ኦ ኤም ሊዮንቺኖ በ1950 እ.ኤ.አ፣ ፊያት 682 ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ ከኢጣልያ ፋብሪካዎች ወጡ። ሹፌሮቻችን ኤን ትሬ የሚሉት የ682 ዝርያ 11.5 ሊትር ገደማ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተሸክሞ አገሩን ዞሯል። አምቼ ብለን የምናውቀው የአዲስ አበባ መገጣጠሚያም በ1970 እ.ኤ.አ ሲቋቋም ከፊያት ጋር ነው። የመርሴዲስ አውቶቡሶች ደግሞ 5.7 ሊትር ያህል የሆነውን፣ በ1964 እ.ኤ.አ የወጣውን ኦ ኤም 352 የተባለ ሞተር ይዘው በዓለም ዙሪያ ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ኮምፒውተር የላቸውም። የሚያስተካክላቸው የሰው እጅ ብቻ ነው።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ በጀርመኗ አውግስቡርግ ያሠራው ሐሳብ ቀላል ነው፤ አየርን አጥብቀህ ከጨመቅኸው ራሱ ይግላል። በኦ ኤም 352 ውስጥ ፒስተኑ የሳበውን አየር ወደ 17 እጥፍ ያጠብበዋል፤ አየሩም ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ልክ በዚያች ቅጽበት ናፍጣ ገፊው ፖምፓ በመርጫው፣ በኖዝሉ፣ በኩል ጥቂት ናፍጣ ይረጫል፤ ናፍጣው በራሱ ይያያዛል። ስለዚህ ሞተሩ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ በቂ አየር፣ በደንብ የተበተነ ናፍጣ፣ ትክክለኛ ሰዓት። የቀረው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ማገልገል ነው።

ችግሩ ደባርቅ ላይ አየሩ በቂ አለመሆኑ ነው። በዚያ ከፍታ አንድ ሊትር አየር በባሕር ዳርቻ ከሚመዝነው ሩብ ያህሉን ያጣል። ባለ 11.5 ሊትሩ ኤን ትሬ ደባርቅ ላይ የሚተነፍሰው በባሕር ዳርቻ አየር ሲመዘን ከ9 ሊትር በታች ነው። ቱርቦ የተገጠመለት የዛሬ ሞተር አየሩን በጉልበት እያስገባ ጉድለቱን ይሞላል፤ አሮጌው ግን የሚስበው በፒስተኑ ብቻ ነው። ፖምፓው ደግሞ ከፍታ አያውቅም። ፋብሪካው ከባሕር ወለል አጠገብ የወሰነለትን ናፍጣ ዳባት ላይም ያንኑ ይረጫል። አየር ያላገኘው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ በጭስ መውጫው፣ በማርሚታው፣ ይወጣል። በአምባ ጊዮርጊስ ዳገት ላይ ከአሮጌ አውቶቡስ ጀርባ የሚነሳው ጥቁር ጭስ ይህ ነው፤ ያልተበላ ገንዘብ።

እዚህ ላይ የሚደረገው ስሕተት በየጋራዡ አንድ ዓይነት ነው። ሹፌሩ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ ጉልበት አጥታለች፤ ትንሽ ናፍጣ ጨምርላት» ይላል። መካኒኩም የፖምፓውን የናፍጣ መጠን መወሰኛ ብሎን፣ በእርሳስ ማኅተም የተዘጋውን ጭምር፣ ከፍቶ ያዞረዋል። ለጊዜው መኪናዋ የተሻለች ይመስላል፤ ዛሪማ ስትወርድማ አየሩ ስለሚበቃት ጭሱ ይቀንሳል፣ ጉልበትም ታገኛለች። ሹፌሩ አመስግኖ ይሄዳል። ስትመለስ ግን ሊማሊሞን የምትወጣው ከአቅም በላይ ናፍጣ እየጠጣች ነው። ጭሱ የሚወጣበት ሙቀት ያይላል፣ የፒስተኑ አናት ይጎዳል፣ የማስወጫ ባልቦላዎች ይቃጠላሉ፣ ትርፉ ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ስንት ጥሩ ሞተር በዚህ ብሎን ምክንያት ዕድሜው ሳይደርስ ተከፍቷል! ደጋ ላይ ለሚሠራ ቱርቦ የሌለው ሞተር ትክክለኛው ነገር ተቃራኒው ነው፤ ናፍጣውን ከአየሩ ጋር እንዲመጣጠን ትንሽ መቀነስ። ጉልበቱ ለመቀነሱ ከፍታው እንጂ ፖምፓው ተጠያቂ አይደለም።

ያቺ ብሎን መነካት ካለባት በመጨረሻ ነው። ከእሷ በፊት አየሩ ይታይ። ብዙዎቹ አሮጌ አውቶቡሶች አየር የሚያጣሩት ከታች ዘይት በተቀመጠበት ጣሳ ነው፤ የጠጠር መንገድ አቧራ ዘይቱን ጭቃ ሲያደርገው በቀጭኑ አየር ላይ ሌላ ማነቆ ይጨመራል። ዘይቱን ደፍቶ፣ ወንፊቱን በናፍጣ አጥቦ፣ እስከ ምልክቱ አዲስ ዘይት መሙላት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ቀጥሎ ባልቦላ። ባልቦላ ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ ጭመቱ ይሾልካል፤ ጭመት ከሾለከ አየሩ አይግልም፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ የሚጨመቀው አየር ድሮም ጥቂት ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ከሲሊንደሮቹ አናት፣ ከቴስታታው፣ ላይ ያለው ክዳን ይነሳና በባልቦላውና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት በፊለር ጌጅ ይለካል። ለኦ ኤም 352 የማስገቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። የሚቀጣጠልበት ተራ 1-5-3-6-2-4 ስለሆነ 6ኛው ሲሊንደር ላይ ሁለቱ ባልቦላዎች ሲፈራረቁ 1ኛው ተዘግቶ ለመለካት ዝግጁ ነው፤ 2ኛው ሲፈራረቅ 5ኛው፣ 4ኛው ሲፈራረቅ 3ኛው፣ እየተገላበጠም እንዲሁ። ጥሩ መካኒክ ጌጁን ሲስበው ትንሽ መያዝ አለበት ይላል፤ ላላ ካለ ይንኳኳል፣ ከጠበቀ ይቃጠላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ የሚንኳኳው ይሻላል፤ ቢያንስ ይሰማል።

ከዚያ ኖዝሎቹ ይወልቃሉ። በእጅ በሚገፋ መፈተሻ ላይ ይታሰሩና ግፊቱ ወደ 200 ባር፣ ማለትም የአውቶቡስ ጎማ ከሚነፋበት 25 እጥፍ ያህል ሲደርስ እንዴት እንደሚረጩ ይታያል። ጤነኛ ኖዝል የሚረጨው እንደ ክረምት ጉም የደቀቀ ሆኖ፣ የሚንጫጫ ድምፅ እያሰማ ነው፤ ሲያቆምም አፉ ደረቅ ይሆናል። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ያ ጠብታ ሲሊንደር ውስጥ ጥላሸት ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሰዓት የማስያዙ ሥራ ነው። ሮበርት ቦሽ በ1927 እ.ኤ.አ በብዛት ማምረት የጀመረው ዓይነት ፖምፓ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ገፊ ዘንግ አለው። ዘንጉና የሚንሸራተትበት ቤት የሚራራቁት በጥቂት ሺኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥንድ ሆነው ተፈጭተው ስለተገጣጠሙ የአንዱን ዘንግ ለሌላው ቤት ማዋስ አይቻልም። መካኒኩ የ1ኛውን ሲሊንደር የናፍጣ መውጫ ፈትቶ በውስጡ ያለችውን ትንሽ ባልቦላና ስፕሪንጓን ያወጣል፤ በቦታቸው የታጠፈች ቀጭን ቱቦ ያስራል። ናፍጣው በቱቦዋ ይፈሳል። ከዚያ ሞተሩን በእጁ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ጠብታው ያቆመበት ቅጽበት ዘንጉ የናፍጣውን መግቢያ ቀዳዳ የዘጋበት፣ ማለትም መርጨት የጀመረበት ነው። በዚያች ቅጽበት ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ ተሽከርካሪ ብረት፣ ቮላኖው፣ የትኛው ምልክት ላይ እንደቆመ ይታያል። ምልክቱ ከፋብሪካው ዲግሪ ካለፈ ረጭቱ ዘግይቷል፤ ካልደረሰ ቸኩሏል። የፖምፓው ማሰሪያ ብሎኖች ይላላሉና ፖምፓው በጥቂቱ ይዞራል፤ ከዚያ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። አንድ ጠብታ፣ አንድ ዓይንና ትዕግሥት ብቻ ይበቃሉ። ረጭቱ የቸኮለበት ሞተር ይንኳኳል፣ ኩሽኔታውንና የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ይጎዳል። የዘገየበት ደግሞ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። በሳሳ አየር ናፍጣው ለመያያዝ ትንሽ ጊዜ ስለሚጨምር መዘግየት ደባርቅ ላይ ጉዳቱ ይብሳል።

ስለ ውሃም መናገር አለብኝ። በ2850 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ግፊት የማይይዝ የራዲያተር ክዳን ቆላ ላይ ታግሶ ይቆይና ዳገቱ ጫፍ ላይ ያጋልጣል። ብዙ ሰው መፍትሔ አድርጎ የያዘው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። በዚህ አልስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በዳባትና በደባርቅ ብርድ ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል፤ ያልሞቀ ሞተር ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፣ ሲሊንደሩንም ቶሎ ይበላል። ደህና ክዳን፣ የጸዳ ራዲያተርና የሚሠራ ቴርሞስታት ሊማሊሞን ያስወጣሉ።

ማለዳም የራሱ ጣጣ አለው። ቀዝቃዛው ብረት የተጨመቀውን አየር ሙቀት ይሰርቀዋል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ወፍራሙ ዘይት መዞሩን ያከብደዋል። በየደጋው ከተማ አውቶቡስ ጠዋት በመንደርደር እንዲነሳ በቁልቁለት አቁሞ ማሳደር የተለመደው ለዚህ ነው። ሌሊት ባዶ ሆኖ ባደረ የናፍጣ ማጠራቀሚያ፣ ሰርባቶ፣ ውስጥ ደግሞ እርጥበት ውሃ ሆኖ ከታች ይጠራቀማል። ማታ ሞልቶ ማሳደር፣ ጠዋት ከማጣሪያው ሥር ያለውን ውሃ ማፍሰስ ፖምፓውን ያድናል። ማቀጣጠያ ብሎ አየር መሳቢያው ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ግን ፒስተን ይሰብራል፤ ሰውም ያቃጥላል።

ሞተሩ በእውነት የሚፈተነው ግን ሲወርድ ነው። ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ገብስና በግ ጭኖ፣ ሙሉ ሰው ይዞ ከወልቀፊት ቁልቁል ሲለቀቅ የአውቶቡሱን ክብደት የሚይዘው ከፍሬኑ ይልቅ ማርሹ መሆን አለበት። ሹፌሩ ነዳጁን ሲተው ፖምፓው ናፍጣ ያቆማል፤ ጎማዎቹ ግን ሞተሩን እያዞሩት ነው፣ ሞተሩም አየር እየጨመቀ ይጎትታቸዋል። ይህ የሚሆነው ማርሹ ከባድ ከሆነ ብቻ ነው። በቀላል ማርሽ ከወረዱ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ደርሶ በድንጋጤ ወደ ከባዱ ማርሽ ሲገባ ደግሞ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፤ ያኔ ፖምፓው ላይ ያለው ፍጥነት ገዳቢ ሊያድነው አይችልም፣ እሱ የሚቆጣጠረው ናፍጣን እንጂ ጎማን አይደለምና። ባልቦላዎቹ በጊዜያቸው መዘጋት ያቅታቸዋል፣ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። በሚወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ሕግ ሜካኒካዊ እውነት ነው። ማርሽ ዜሮ አድርጎ ሊማሊሞን መውረድ ነዳጅ መቆጠብ አይደለም፤ የተሳፋሪን ሕይወት መቁማር ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚተላለፈው ከጌታ ወደ ረዳት፣ በመመልከት ነው። የተጻፈው ጥቂት ነው። የአሮጌ አውቶቡስ ባለቤት የሆናችሁ ሁሉ፣ ለቀለምና ለወንበር ልብስ ከማውጣታችሁ በፊት ፖምፓውንና ኖዝሎቹን አስፈትሹ፤ ለደጋ የተስተካከለበትን መጠን፣ የባልቦላውን ክፍተትና የረጭቱን ዲግሪ በደብተር አስጽፋችሁ መኪናዋ ውስጥ አኑሩ። ሌላ ጋራዥ የሚከፍታት መካኒክ ከዚያ ይጀምር። በጎንደርና በደባርቅ አካባቢ የቴክኒክና ሙያ መምህራን ደግሞ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ከብረት ገዢ አስቀድማችሁ ወደ መማሪያ ክፍላችሁ አስገቡ፤ ተማሪዎቻችሁ ጠብታው የሚያቆምበትን ቅጽበት በዓይናቸው ይዩ። ይህን ሊያሳዩ የሚችሉ አንጋፋ መካኒኮች ዛሬም አሉ፤ ጥሯቸው።