ካርዴ ቢጠፋ ይሻለኛል ወይስ ገመናዬ ቢወጣ?

ሐኪም ቤት ካርድ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? ታውቃላችሁ እንጂ! እንግዲያው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆማችሁ «ካርድህ አልተገኘም፣ አዲስ አውጣ» መባልንም ሳትቀምሱት አትቀሩም። ለጉንፋን የመጣ ሰው አዲስ ካርድ ቢያወጣ ብዙም አይጎዳ። አምስትና አሥር ዓመት ከቆዳ በሽታ ጋር ለኖረ ወጣት ግን የጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም። የትኛው ቅባት እንዳሻለው፣ የትኛው እንዳባሰበት፣ የደም ምርመራው ምን እንዳለ አብሮ ነው የሚጠፋው።

አሁን አሁን ታዲያ በየሆስፒታሉ ወረቀቱን በኮምፒዩተር መተካት ተጀምሯል። እልል እንበል ወይስ እንስጋ? ይህን ጥያቄ ይዤ ሰሞኑን ሥር የሰደደ የቆዳ በሽታ ያለባቸውን ወጣቶችም፣ የቆዳ ሐኪሞችንም አነጋገርኩ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ራሱ የገመና ጉዳይ ነውና።

«አማቶቼ ሌላ ነገር ቢሉስ?»

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ልበላችሁ። ሶሪያሲስ የሚባለው በሽታ ቆዳን ወፈር አድርጎ ነጭ ቅርፊት ያወጣበታል። የጤነኛ ሰው የቆዳ ሕዋስ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ሲፈጅ፣ የሶሪያሲስ ታማሚ ሕዋስ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመርቶ ይከመራል። ይሻላል፣ ተመልሶ ይመጣል። በመጨባበጥ፣ በፎጣ፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። ኤክዜማም ሆነ ለምጽ እንደዚሁ ተላላፊ አይደሉም። ግን ይህን ለሰፈር ሰው ማን ያስረዳ? ቅርፊት ያየ ሁሉ ቁምጥና ይመስለዋል። በዚያ ላይ በአገራችን የቆዳ ሐኪሙ ማዕረግ «የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት» ነው። እዚያ ወረፋ ላይ ጎረቤት ካያችሁ አለቀ፣ ወሬው ቤታችሁ ቀድሟችሁ ይገባል።

ካነጋገርኳቸው አንዷ በቅርቡ የምታገባ ልጅ ናት። ሶሪያሲስ የጀመራት ሃይስኩል እያለች ነው። ክርኗና ጉልበቷ ላይ ስለሆነ በልብስ ትሸፍነዋለች። እጮኛዋ ያውቃል፤ ቤተሰቦቹ ግን አያውቁም። ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ክትትል ታደርግበት በነበረው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ የእጮኛዋ የአክስት ልጅ ተቀጠረች! ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ እዚያ ድርሽ አላለችም። ክሊኒክ እየቀያየረች፣ አንዳንዴም በሌላ ስም ካርድ እያወጣች ትታከማለች።

«ወረቀቱንም ፈርቼው ነበር እኮ፣ ኮምፒዩተር ሲባልማ ጭራሽ! አንዴ ከገባ ማን እንደሚያየው በምን አውቃለሁ? አማቶቼ ሌላ ነገር ነው ቢሉስ?» አለችኝ።

ፍርሃቷ ይገባኛል። ያስከፈላትን ዋጋ ደግሞ ስሙ። ሦስት ክሊኒኮች፣ ሦስቱም ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት አዘዙላት። አንዱ ሌላው ያዘዘውን አያውቅም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። ጠንካራ ስቴሮይድ ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል። የእሷም ቆዳ ሳሳ። አራተኛው ሐኪም ቅባት አልበቃትም ብሎ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን ክኒን ሊያዝላት አሰበ። ይህ መድኃኒት ፅንስን ይጎዳል፤ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስደውም። ልጅቷ ደግሞ እንዳገባች መውለድ ነው ሐሳቧ። ሐኪሙ መቼ ለማርገዝ እንደምታስብ ባይጠይቃት ኖሮስ? አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወጣት በተቃራኒው ነው። ኤክዜማ አብሮት ያደገ ልጅ ነው። ካርዱ ሦስት ጊዜ ስለጠፋበት ማዘዣውንና የላቦራቶሪ ውጤቱን በፌስታል ይዞ ነው የሚዞረው። «ኮምፒዩተር ውስጥ ይግባልኝ እንጂ ማንም ይየው! እኔን የሰለቸኝ በየጊዜው ከሀ ጀምሬ ማስረዳት ነው» ይላል። አስከትሎም እየሳቀ፣ «ችግሩ ባለፈው ስሄድ ‹ሲስተም የለም› ተብዬ ተመለስኩ» አለኝ።

ሐኪሞቹስ ምን ይላሉ?

አንዲት ወጣት ሐኪም ደጋፊ ናት። «የቆዳ በሽታ በዐይን የሚታይ ነው። ‹ትንሽ ተሽሎታል› ብዬ ከምጽፍ የዛሬ ስድስት ወር የተነሳውን ፎቶ ከዛሬው ቆዳ ጎን ባየው ይሻለኛል» ትላለች። እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የደም ሴሎቹና ጉበቱ በየጊዜው መመርመር አለበት፤ ለሶሪያሲስ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየቀኑ አይደለም። በየቀኑ ከተወሰደ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ለጠፋ ካርድና ለማይነበብ የእጅ ጽሑፍ መተው አስፈሪ ነው።

አንድ አንጋፋ ሐኪም ግን ሌላ ነገር አጫወቱኝ። «ይኸውልህ፣ የቆዳ ሐኪም ሥራው ማየትና መዳሰስ ነው። ዐይኔ ስክሪኑ ላይ ከተተከለ ቆዳውን መቼ ልየው? ወረፋው ደጅ ድረስ ነው። መብራት ሲሄድ በወረቀት ጽፌ፣ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ልገልብጥ?» አሉኝ። ሌላም ስጋት አላቸው። ታማሚው የተጻፈውን ቢያነብ ይቀየማል ብለው ያስባሉ። የቂጥኝ ሁለተኛው ደረጃ አንዳንዴ ሶሪያሲስን ስለሚመስል ሐኪሙ ለማጣራት ብቻ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ሰውዬው ያንን ቢያይ «ምን ቆጥሮኝ ነው?» አይልም ወይ?

ይሄን ስጋት አሜሪካኖቹ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በቦስተን፣ በፔንሲልቬኒያና በሲያትል 105 ሐኪሞች ከ13 ሺህ የሚበልጡ ታካሚዎቻቸው የጻፉትን ማስታወሻ በኮምፒዩተር እንዲያነቡ ፈቀዱ። ውጤቱ በ2012 ሲወጣ መጠይቁን ከመለሱት ታካሚዎች 99 በመቶው ይቀጥልልን አሉ። ከሐኪሞቹም ያቋረጠ አልነበረም። ያም ሆኖ ከታካሚዎቹ ከሩብ የማያንሱት ገመናችን ያሳስበናል ብለው ነበር። ጀርመን ደግሞ ከ2025 ጀምሮ በመንግሥታዊው የጤና መድን ለታቀፈ ሰው ሁሉ፣ አልፈልግም ካላለ በስተቀር፣ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይከፈትለታል። ማሳየት የማይፈልገውን ሰነድ መደበቅም ይችላል።

ነገሩ አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። በፊንላንድ የአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መዝገብ ተሰርቆ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገመና በሌባ እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2020 «ካልከፈላችሁ አወጣዋለሁ» ተባሉ። ወንጀለኛው የተፈረደበት በ2024 ነው።

ታዲያ ወረቀቱ ይሻለን ነበር?

እኔ አይመስለኝም። ወረቀት ተላላኪው ይሸከመዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይቀመጣል፣ ማን እንዳነበበው አይናገርም። በደንብ የተሠራ ኮምፒዩተር ግን ማን፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተው ይመዘግባል። ካርድ ክፍል ያለችው የአማት ዘመድ ስምና ቁጥር ብቻ እንጂ የበሽታውን ዓይነት እንዳታይ ማድረግም ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ሲኖረው ነው። አንዱን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፈው ስክሪኑ ጥግ ለጥፈው አምስት ሰዎች ከተጠቀሙበት ምኑን ሚስጥር ሆነ?

ሕጉም አለ። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር ያወጣ ሐኪም፣ ነርስም ሆነ ፋርማሲስት ይጠየቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ተርታ አስቀምጦታል።

እንግዲህ እናንተስ ምን ታደርጉ?

አንደኛ፣ ጠይቁ። «የኔን መዝገብ እነማን ያዩታል?» ማለት ነውር አይደለም። የምታውቁት ወይም የሚያውቃችሁ ሠራተኛ ካለ ለሐኪሙ ለብቻችሁ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ በሐሰት ስም አትታከሙ። ስማችሁ ሲቀየር ያለፈው ሕክምናችሁም አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ የምትቀቡትን ሁሉ ተናገሩ። የፊት ማቅያ ክሬሙንም፣ የባህል መድኃኒቱንም። ማቅያ እየተባሉ ከሚሸጡት ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው ሞልተዋል።

አራተኛ፣ የራሳችሁ ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉ። ሲስተም ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። የቆዳችሁን ፎቶ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን አንሱ። ሐኪሙ በግል ሞባይሉ ሊያነሳችሁ ካለ «የት ነው የሚቀመጠው?» በሉት።

አምስተኛ፣ መገጣጠሚያችሁን ካመማችሁ ከቆዳዬ ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ አትለፉት። ሶሪያሲስ አንዳንዱን ሰው መገጣጠሚያውንም ይይዘዋል፤ መዝገባችሁ ላይ ይስፈር።

ያቺ ሙሽራ መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረገች ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። አንድ ሆስፒታል መርጣ በእውነተኛ ስሟ ካርድ አወጣች። ለአማቶቿ እስካሁን አልነገረቻቸውም፤ ያ የራሷ ጉዳይ ነው። ለሐኪሟ ግን ሁሉንም ነግራለች። ከሰፈር መደበቅ መብታችሁ ነው፤ ከሐኪም የደበቃችሁ ዕለት ግን የምትጎዱት እናንተው ናችሁ።