ክብ መጋዝና የሠራተኛው ጣት፦ ተረቱና እውነታው

ከቃሊቲ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ገላን ደርሶ ከፋብሪካዎቹ አጥር ጀርባ ወዳሉት ሰፈሮች ጠለቅ ያለ ሰው የክብ መጋዝ ጩኸት ይቀበለዋል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታም እንዲሁ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ግንባታ የማያቋርጥባቸው ናቸው። ቤት ካለ በር አለ፣ ቁም ሣጥን አለ፣ አልጋና የኪችን ካቢኔት አለ፤ ይህን ሁሉ የሚያወጡት ደግሞ ጥቂት ሠራተኞች ያሏቸው ትንንሽ የእንጨት ሥራ ቤቶች ናቸው።

በእነዚህ ቤቶች ሙያው ከዋናው አናጺ ወደ ረዳቱ በአፍ ይተላለፋል። ከሙያው ጋር ስለ አደጋ የሚነገረውም አብሮ ይወርዳል። ከሚነገረው ውስጥ ትክክል የሆነ አለ፤ ጣት የሚያሳጣም አለ። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

በጣም ሥር የሰደደው እምነት «ሲነካኝ እጄን እስባለሁ» የሚለው ነው። ሒሳቡ ይህን አይፈቅድም። ስፋቱ 250 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲሽከረከር የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 52 ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት ሲሰላ 188 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገላን አጠገብ በሚያልፈው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ እንኳ ማንም መኪና እንዲህ እንዲሮጥ አይፈቀድለትም። ሰው ደግሞ አንድ ነገር ነክቶት እጁን እስኪስብ ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት 60 ጥርስ ያለው ዲስክ 13 ጊዜ ዞሮ ጨርሷል፤ 800 ጥርስ በቦታው አልፏል። በዚያ ላይ እጁ ቆሞ አይጠብቅም። እንጨት እየገፋ ወደ ዲስኩ በመሄድ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው «የሚቆረጠው ጀማሪ ነው» የሚለው ነው። ጀማሪ በእርግጥ አደጋ ይደርስበታል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁራጭ ሲቆርጥ የሚውለው፣ ለማስረከቢያ ቀን የሚጣደፈው፣ የዲስኩን መከላከያ ሽፋን ፈትቶ የሚሠራው በአብዛኛው ልምድ ያለው ሰው ነው። ልምድ እጅን ያቀላጥፋል እንጂ ከላይ የተጠቀሰውን የሰከንድ አንድ አምስተኛ አያሳጥርም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ባደረገው ጥናት በዓመት ከ30,000 በላይ ሰዎች በጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ ተቆርጠው ወደ ድንገተኛ ሕክምና እንደሚሄዱ ገምቷል። ኮሚሽኑ ጣት የሚያጡትን በቀን 10 ያህል አድርጎ ነበር ያሰላው። መሣሪያው በየሱቁ ከነመመሪያው በሚሸጥበት አገር የሆነው ይህ ነው።

ጓንትም እንደ መድኃኒት ይታያል። ጣውላ ሲጫን፣ ሲወርድና ሲደረደር ጓንት ጥሩ ነው፤ ከሰንጥርና ከሚስማር ያድናል። በሚሽከረከር ዲስክ አጠገብ ግን ጠላት ነው። ጥርሱ የጨርቁን ወይም የቆዳውን ጫፍ ከያዘ ጓንቱን ከነእጁ ይስበዋል፤ ባዶ ጣት በሚጫርበት ቦታ ጓንት ያደረገ ሰው መዳፉን ሊያጣ ይችላል። የተንጠለጠለ እጅጌ፣ ሻርፕ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግን ምንም ክርክር የላቸውም፤ ሁልጊዜ ያስፈልጋሉ።

«የዶለዶመ ዲስክ ይሻላል፤ ቶሎ አይቆርጥም» የሚልም አለ። የዶለዶመ ዲስክ እንጨቱን እንጂ ጣትን አይምርም። ሠራተኛው በኃይል እንዲገፋ ያስገድደዋል፤ በኃይል የሚገፋ እጅ ደግሞ እንጨቱ ድንገት ሲለቅ ወደ ፊት ይወድቃል።

በእነዚህ ከተሞች ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የባሕር ዛፍ ጉዳይ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ ዛሬ የእንጦጦን ጀርባና የሱሉልታን ዳገት ሸፍኖ ለብዙ ሥራ ቤቶች ሞራሌና ጣውላ ያቀርባል። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ ከፍተኛ ውጥረት ያጠራቅማል። በመጋዝ ሲሰነጠቅ ያ ውጥረት ይፈታና እንጨቱ ይጣመማል፤ የተከፈተው ሥንጥቅ ከዲስኩ ጀርባ ተመልሶ ይዘጋል። የዲስኩ የኋላ ጥርሶች ከታች ወደ ላይ የሚወጡ በመሆናቸው የተጣበቀውን እንጨት አንሥተው በሠራተኛው ላይ ይወነጭፉታል። ብዙ ሰው ይህን «እንጨቱ መጥፎ ነበር» ብሎ ያልፈዋል። እንጨቱ በተፈጥሮው የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ የጎደለው አንድ ቀጭን ብረት ነው።

ይህ ብረት ከዲስኩ ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ በተቆረጠው ሥንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንዳይዘጋ የሚይዝ ሰሌዳ ነው። ከዲስኩ አካል ወፈር፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ሥንጥቅ ደግሞ ሳሳ ማለት አለበት። ከጥርሱ ያለው ርቀት ከ8 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በአውሮፓ ያለ እሱ የሚሸጥ የጠረጴዛ መጋዝ የለም፤ በአሜሪካም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ለሚነደፉ ማሽኖች በደረጃ መስፈርት ውስጥ ገብቷል። በሞተር፣ በአንግል አይረንና በላሜራ እዚሁ ተበይደው ለሚሠሩ መጋዞች ይህን ብረት መጨመር ለአንድ በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዲስኩ ጋር በትክክል መሰለፉ ብቻ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ የተጣመመ ብረት ራሱ እንጨቱን ያጨናንቀዋል።

ብረቱ ግን ከላዩ ካለው ሽፋን ጋር አብሮ ይፈታል። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሥራ ያስተጓጉላል፤ መሥመሩን ማየት ይከለክላል።» እዚህ ላይ ሠራተኛው ከፊል እውነት አለው። በርካሽ ማሽን ላይ የሚመጣው ሽፋን የማይመች፣ በሰጋቱራ ቶሎ የሚደፈን ነው፤ አንዳንድ ቦይ የማውጣት ሥራዎችም በሽፋን ጨርሶ አይሠሩም። ነገር ግን የሥራ ቤት ዋና ሥራ ቦይ ማውጣት አይደለም፤ ጣውላ መሰንጠቅና ኤምዲኤፍ መቁረጥ ነው፤ ሁለቱም በሽፋን ይሠራሉ። ለአንድ ሥራ የተፈታ ሽፋን ሳይመለስ ወር የሚቆይበት ልማድ ነው መቅረት ያለበት።

መግፊያ እንጨትን በተመለከተ የብሪታኒያ የሥራ ጤንነትና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግልጽ መለኪያ አስቀምጧል፤ ከ300 ሚሊ ሜትር ያጠረ እንጨት ሲቆረጥ፣ ወይም የረጅም እንጨት የመጨረሻ 300 ሚሊ ሜትር ሲገፋ፣ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ ይሁን ይላል። መግፊያው ከቁርጥራጭ ኮምፔንሳቶ ይሠራል። ወጪ የለውም።

ስለ መብራት መቋረጥ ደግሞ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ብዙም አያነሡም፤ እኛ ዘንድ ግን የየሳምንቱ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ መጋዙ ይቆማል፤ ሠራተኛው የተጣበቀውን እንጨት ለማውጣት ወይም ሰጋቱራውን ለመጥረግ እጁን ያስገባል። ማብሪያው እንደ ክፍል አምፖል ዓይነት ከሆነ እንደበራ ነው የቀረው። መብራት ሲመለስ ዲስኩ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሣል። «መብራት የለም፤ ምንም አይሆንም» የሚለው አነጋገር ስለዚህ ከተረቶቹ ሁሉ አደገኛው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች የሚገኝ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ነው፤ መብራት ሲቋረጥ ራሱ ይለቃል፣ ሲመለስም አረንጓዴው ቁልፍ እንደገና ካልተጫነ ሞተሩ አይነሣም። እሱ እስኪገጠም ድረስ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሶኬቱን መንቀል ነው።

ጣት ሲነካው የሚቆም መጋዝ አለ ሲባል ብዙ ሰው የማስታወቂያ ማታለያ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ስቴፈን ጋስ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ምሁርና የፓተንት ጠበቃ ሐሳቡን ያመነጨው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዲስኩ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላካል። ደረቅ እንጨት ምልክቱን ብዙም አይለውጠውም፤ የሰው ሥጋ ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ይስበዋል። ለውጡ እንደታወቀ በስፕሪንግ የታፈነ የአሉሚኒየም ፍሬን ተስፈንጥሮ ጥርሶቹ ውስጥ ይሰካል፤ ዲስኩ በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ገና አንድ ዙር ሳይሞላ፣ ቆሞ ከጠረጴዛው በታች ይወርዳል። ጋስ ይህን በቋሊማ ያሳይ ነበር፤ በራሱ ጣትም አሳይቷል። ትልልቆቹ አምራቾች ሊገዙት ስላልፈለጉ ሶስቶፕ የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2004 መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ቦሽ ሪአክስ የተባለ ተመሳሳይ መጋዝ ቢያወጣም በፓተንት ክርክር እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ታገደ። ቴክኖሎጂው በሁሉም መጋዝ ላይ ግዴታ ይሁን የሚለው አቤቱታ ለአሜሪካው ኮሚሽን የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር፤ ክርክሩ ከ20 ዓመት በላይ ተጓቷል። በእነዚያ ዓመታት የጠፋውን ጣት ለሚያስብ ሰው ይህ መጓተት ያሳዝናል።

አውሮፓውያኑ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ተንሸራታች ጠረጴዛ ያለውን መጋዝ እ.ኤ.አ. በ1906 የሠራው የጀርመኑ አልተንዶርፍ በካሜራ እጅን ለይቶ፣ ከመነካቱ በፊት ዲስኩን የሚያወርድ ማሽን ያመርታል። የኦስትሪያው ፌልደርም ሳይነካ የሚሰማ ሥርዓት አለው። በእነዚህ ዲስኩ አይበላሽም፤ በሶስቶፕ ግን ፍሬኑ አንድ ጊዜ ከሠራ ፍሬኑን የያዘው ካርትሪጅ ይለወጣል፣ ዲስኩም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይጣላል።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ተረት ይመጣል፤ «ያ ማሽን ቢኖረን ሁሉም ይቀር ነበር» የሚለው። ፍሬኑ የሚወነጨፍ እንጨትን አያቆምም፤ ለዚያ የጀርባው ብረት ነው የሚያስፈልገው። በጣም እርጥብ እንጨት ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ፍሬኑን በከንቱ ሊያስነሣው ይችላል፤ ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ለሚሰነጥቅ ቤት ይህ ትልቅ ችግር ነው። ደረቅ ኤምዲኤፍና ቺፑድ ለሚቆርጥ የካቢኔት ቤት ግን፣ አቅሙ ካለ፣ ሊታሰብበት የሚገባ ግዢ ነው።

አደጋ ሲደርስ «የራሱ ጥፋት ነው» ወይም «እግዜር ያመጣው ነው» ተብሎ ሠራተኛው ጥቂት ብር ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይላካል። ሕጉ እንዲህ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ ማቅረብንና ስለ ሥራው አደጋ ማስተማርን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ወይም ሰክሮ የተገኘ ካልሆነ በስተቀር። የሕክምና ወጪው የአሠሪው ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም፤ በቃል ለተቀጠረ ረዳት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅን መቅጠር ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነው።

የመጀመሪያ እርዳታውም የራሱ ተረት አለው፤ ቁስል ላይ ቡና መነስነስ በየቤቱ ያለ ልማድ ነው። ደሙን የሚያቆመው በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና እጅን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ቡናው ሐኪሙ ማጠብ የሚኖርበትን ቆሻሻ ይጨምራል፤ ሰጋቱራና አፈርም እንዲሁ። የተቆረጠውን ጣት በረዶ ውስጥ መክተትም ስሕተት ነው፤ በረዶ በቀጥታ የነካው ሥጋ ይሞታል። ጣቱ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ፌስታሉ ተቋጥሮ በረዶና ውኃ ባለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። በአልኮል ወይም በጨው ውኃ መንከር የለም። የተሰበረ ወይም የተፈጨ ጣት ይዞ ወደ ወጌሻ መሄድም አይገባም፤ ጠብቆ የታሰረ ጣት ደም አጥቶ ጋንግሪን ሊይዘው ይችላል። ከገላን ቅርብ የሆነው ትልቅ ሆስፒታል አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የሥራ ቤት ባለቤቶች ይህን ካነበቡ በኋላ ነገ ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት አራት ነገር ይዩ፦ ከዲስኩ ጀርባ ብረት መኖሩን፣ ሽፋኑ በቦታው መሆኑን፣ መግፊያው እንጨት ከጠረጴዛው አጠገብ መሰቀሉን፣ ማብሪያው መብራት ሲመለስ በራሱ የማያስነሣ መሆኑን። ከአራቱ የጎደለ ካለ፣ እሱ እስኪሟላ ድረስ በዚያ መጋዝ ረዳት አያሠሩ።