አይጡ ብቻውን ነበር

ደገሀቡር ላይ ቀትር ሲጠጋ የሰው ሁሉ ጆሮ ወደ ጅግጅጋ መንገድ ያዘነብላል። የጫት መኪና ሊመጣ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለና፣ «አዴር፣ አንተ የመድኃኒት አስተማሪ አይደለህ? ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለኝ። ያነበበልኝ አራት ዐረፍተ ነገር ነው። ጫት «የደስታ ሆርሞን» የሆነውን ሴሮቶኒንን ይጨርሳል። ሴሮቶኒን ያለቀበት ሰው ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ይህ በአይጥ ተረጋግጧል። መፍትሔው በቀን ሁለት ሙዝ ነው።

ከሙዙ ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። ሙዝ ውስጥ ሴሮቶኒን አለ፤ ግን የተበላ ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፤ መሃል ላይ የሚያግደው አጥር አለ። በዚህ ጉዳይ ሙዝ የሚረዳው በቅጠሉ ብቻ ነው፤ ጫቱ እንዳይጠወልግ ይጠቀለልበታል። «የደስታ ሆርሞን» የሚለውም ይለፈን። ሴሮቶኒን መጀመሪያ የታወቀው ከደስታ ጋር ሳይሆን ከአንጀትና ከደም ሥር ጋር ነው። ጣሊያናዊው ኤርስፓመር በ1930ዎቹ በአንጀት ሽፋን ውስጥ አገኘው፤ በ1948 ደግሞ አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ደም ሥርን የሚያኮማትር ነገር ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች ከደም ለይተው አወጡት፤ ስሙን ያገኘውም ያኔ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬም ከሰውነታችን ሴሮቶኒን አብዛኛው፣ ከመቶ ዘጠና ያህሉ፣ ያለው ሆድ ውስጥ ነው። አንጎል ውስጥ ሲሆን ሆርሞን ማለትም አይስማማኝም፤ ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ነው። እኔ «መልእክተኛ» እለዋለሁ።

ልጁን ያስገረመው ግን «በአይጥ ተረጋግጧል» የምትለዋ ነበረች፤ እኔንም ያናደደችኝ እሷ ናት፤ ምክንያቱም ውሸት አይደለችም። በ2006 ባንጃው፣ ሚዜክ እና ሽሚት የተባሉ ተመራማሪዎች ለአይጦች የጫት ጭማቂ በአፍ እየደጋገሙ ሰጥተው ጠበኝነታቸው እንደጨመረ አሳትመዋል። ካቲኖን ብቻውን ሲሰጥም ውጤቱ ያው ነው። አንጎላቸው ሲመረመር ስትራየተም በሚባለው ክፍል ሴሮቶኒን ቀንሶ ተገኘ። ካቲኖን የጫቱ ዋና ቀስቃሽ ነው፤ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ተለይቶ ወጣ። ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። የአወዳይ ሹፌሮች ነፍሱን ይዞ እንደሚሮጥ ሰው የሚነዱት ሥራው የኬሚስትሪ እሽቅድምድም ስለሆነ ነው። ስለዚህ ዜናው ከባዶ አልመጣም። ችግሩ ጥናቱን ቢርካ አድርጎ ማንበቡ ነው።

ቢርካ ስል በዚህ አገር ዝናብ ሲዘንብ የሚሞላውን፣ በጋ ላይ ሰው በባልዲ የሚቀዳበትን ጉድጓድ ማለቴ ነው። ቢርካው ሲሞላ ሰላም ነው፤ ሲጎድል ጠብ ይነሣል። ለውሃ እውነት ነው። ሰው ሴሮቶኒንንም እንዲሁ ያስባል፤ ሲሞላ ገር፣ ሲጎድል ጨካኝ። እውነት ለመናገር እኛም ለረዥም ጊዜ እንዲያ ስናስተምር ነበር፤ ማስረጃውም ቀላል አልነበረም። በ1966 ኮ እና ዋይስማን ፒሲፒኤ የተባለ ውሕድ የአንጎልን ሴሮቶኒን እንደሚያራቁት አሳዩ፤ ይህን የተሰጡ ትልልቅ አይጦች ትንንሽ አይጦችን ወደ መግደል ያዘነብሉ ነበር። ሚላን ውስጥ ቫልዜሊና ባልደረቦቹ ወንድ አይጦችን ለሳምንታት ለየብቻ ሲያስቀምጡ ጠበኞች የሆኑት ላይ የሴሮቶኒን ዑደት ዝግ ብሎ አገኙት። የሴሮቶኒን መሥሪያ ዘረ መል ጭራሽ የተነሣላቸው አይጦችም፣ አንጎላቸው ከሴሮቶኒን ባዶ ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ ጠበኞች ናቸው። ቢርካው ይሠራል ማለት ነው?

በ1995 ፈረንሳይ ውስጥ ሌላ ጥናት ላይ የነበሩ ሰዎች ወደ አይጥ ያስገቡት ዘረ መል በአጋጣሚ ሴሮቶኒንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ማዘዣ ሰብሮ ገባ። በግልገሎቹ አንጎል ሴሮቶኒን እስከ ዘጠኝ እጥፍ አሻቀበ። ቢርካው ሞልቶ ፈሰሰ። ወንዶቹ ሲያድጉ ታዲያ ገር ሆኑ? ጠበኞች ሆኑ። ጎደለም ጠብ፣ ሞላም ጠብ። እዚህ ላይ ውሃ ልኩን መለካት ትተን ቧንቧውን ማየት ግድ ይለናል፤ የእኔም ፍቅር እዚያ ስለሆነ ትንሽ ብዘገይ ታገሡኝ።

የአንጎልን ሴሮቶኒን የሚሠሩት ነርቮች ጥቂት ናቸው። በአንጎል ግንድ መካከለኛ መስመር ላይ ተሰድረዋል፤ ቦታው «ራፌ» ይባላል፤ በግሪክ ስፌት ማለት ነው። ከዚያች ስፌት የሚወጡት ክሮች ግን ያልደረሱበት የአንጎል ቦታ የለም። በነቃ አይጥ ላይ እንደ ሰዓት ዝግ ብለው ይተኩሳሉ፤ ሕልም በሚታይበት እንቅልፍ ውስጥ ጭራሽ ዝም ይላሉ። የሚገርመኝ ይህ አይደለም። የሚገርመኝ እያንዳንዱ ነርቭ የለቀቀውን ሴሮቶኒን ራሱ የሚያዳምጥበት ጆሮ ያለው መሆኑ ነው። የመስጊዱን ሙአዚን አስቡት፤ ድምፅ ማጉያው ወደ ራሱ ጆሮ በጣም ሲጮህበት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ነርቩም ገላው ላይ 1ኤ የሚባል ተቀባይ አለው፤ ሴሮቶኒን ሲነካው የፖታሲየም በር ከፍቶ ነርቩን ያቀዘቅዘዋል። ክሩ ጫፍ ላይ ደግሞ 1ቢ አለ፤ እሱ በር ጠባቂ ነው፤ «በቃ፣ ተቀድቷል» ይላል። («ተቀባይ» የሚለው ቃል አይመቸኝም፤ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። እነዚህ ግን ሲነኩ የሚያዝዙ ናቸው። የተሻለ ቃል ያለው ይንገረኝ።)

ጆሮው ካለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሴሮቶኒን የሚጨምር መድኃኒት ለአይጥ ስጡት፤ መጀመሪያ የሚጨምረው ስፌቷ አካባቢ ስለሆነ ነርቩ የራሱን ጩኸት ሰምቶ ዝም ይላል። መድኃኒቱ ገባ፣ ተኩሱ ቀነሰ። ከሳምንታት በኋላ ጆሮው ይደነዝዝና ተኩሱ ይመለሳል። የድብርት መድኃኒት ለምን ቶሎ አይሠራም ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ አከራካሪነቱ ግን አልቀረም። ይበልጥ የሚገርመው ከኔዘርላንድ የመጣው ነው። ግሮኒንገን ውስጥ ደ ቡር እና ኩልሃስ እነዚህኑ ጆሮዎች የሚነካ፣ ማለትም የሴሮቶኒንን መለቀቅ በዚያች ቅጽበት የሚቀንስ ውሕድ ሰጥተው የአይጦቹ ጥቃት ሲቀንስ አዩ። ሴሮቶኒን ቀነሰ፣ ጠብም ቀነሰ! ቢርካው የት ገባ?

1ቢስ? በ1994 ረኔ ሄን ባለበት ቡድን ይህ በር ጠባቂ የጠፋባቸው አይጦች ተሠሩ። ወንዶቹን ለአንድ ወር ለየብቻ አስቀምጠው እንግዳ አይጥ አስገቡባቸው። ፈተናው ቀላል ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ያሸታል፤ ጸጉሩን ያቆማል፤ ጎኑን አዙሮ እየተገፋ ይጠጋል፤ ከዚያ ጀርባውን ወይም ቂጡን ይነክሳል። ተመራማሪው ሰዓት ይዞ የመጀመሪያዋን ንክሻ ይጠብቃል። በር ጠባቂ የሌላቸው አይጦች ቶሎም ነከሱ፣ ደጋግመውም ነከሱ። የደች ተመራማሪዎች የሚጨነቁበት ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። ጀርባ መንከስ የአይጥ ሕግ ነው፤ ግዛትን ማስከበር ነው። ሆድና ጉሮሮ የሚነክስ፣ እንግዳው እጅ ሰጥቶ እንኳ የማይተው ግን ሕጉን ጥሷል። በእኛ ቋንቋ ቁጣ፣ ጠብ፣ ጥቃት፣ ጭካኔ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ በብዙ ጥናት ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ቃል ይጠቃለሉና ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል።

ፍርሃትም እንዲሁ ይንሻፈፋል። ከሴሮቶኒን ባዶ ለመሆን ጥቂት የቀረው ያ ጠበኛ አይጥ በአንዳንድ ፈተና ስጋቱ እንደ መቀነስ ነው። 1ኤ የጠፋበት ግን ፈሪ ነው፤ ይህን በ1998 ሦስት ቡድኖች ለየብቻቸው አሳዩ። በ2002 የወጣው ጥናት ደግሞ ነገሩ የሚወሰነው በግልገልነት እንደሆነ ገለጠ፤ ተቀባዩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተመለሰ አይጡ ሲያድግ ረጋ ያለ ነው፤ ካደገ በኋላ ቢነሣበት ግድ የለውም። በ2016 ሌላ ቡድን ሴሮቶኒን አንድ የአንጎል ክፍል ውስጥ ሲለቀቅ ፍርሃትን እንደሚጨምር አሳየ። ያው መልእክተኛ፣ ሌላ ደጃፍ፣ ሌላ ወሬ።

ስሜታዊነት የሚሉት፣ ሳያስቡ መቸኮል፣ ከሁሉ የጠራው ነው፤ ግን እሱም ለሁለት ይከፈላል። መብራት እስኪበራ መጠበቅ ባለበት ፈተና ላይ ሴሮቶኒን የጎደለው አይጥ መብራቱ ሳይበራ አፍንጫውን ወደ ቀዳዳው ያስገባል፤ መጠበቅ አቃተው። ጃፓን ኦኪናዋ ላይ የራፌ ነርቮችን ተኩስ በብርሃን ሲጨምሩ አይጡ ምግቡን ረዘም ላለ ጊዜ ታገሠ። የጀመረውን እርምጃ መሃል ላይ ማቆም ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ሴሮቶኒን ቢራቆትም ችሎታው አልተነካም። መታገሥና መቆም አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ጫቱ ልመለስ፤ ከሁሉ የማልረሳው ጥናት ከዚህ መኪና መጠበቅ ጋር ስለሚገናኝ። የ2006ቱ ጥናት ላይ ያለው ክላውስ ሚዜክ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 አንድ ነገር አሳተመ። ወንድ አይጦችን ለ10 ቀናት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አጋጠሙ። በ11ኛው ቀን ማንም አልመጣም። ሰዓቱ ሲደርስ ግን የአይጡ ልብ ምት ጨመረ፤ ዶፓሚን ወጣ፤ ሴሮቶኒን ወረደ። ጠብ የለም፣ ጠላት የለም፣ ሰዓቱ ብቻ ደርሷል። ሴሮቶኒን ዝቅ ያለው ተመትቶ አይደለም፤ ጠብቆ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀና ሻይ ቤቱን በዓይኑ ዞረው። ሐራራ የያዘው አንድ ሽማግሌ አስተናጋጁን በስኳር ምክንያት ሲቆጣ ነበር።

ሳቁን ግን አልወደድኩለትም። የእኔ መስክ የሚታማበት ቦታ እዚህ ነው፤ ሳልሸፍን ልናገር። በ2006ቱ ጥናት ስትራየተም ውስጥ የተለካው ከሞት በኋላ የቀረው ይዘት ነው እንጂ ጠቡ ሲነሣ የተለቀቀው አይደለም፤ ጎተራው ጎደለ ማለት ወፍጮው ቆመ ማለት አይደለም። ካቲኖን ዶፓሚንንና ኖራድሬናሊንንም ያናውጣል፤ ጠቡን ለሴሮቶኒን ብቻ መስጠት ድፍረት ነው። በዘረ መል የተለወጠ አይጥ ከማኅፀን ጀምሮ በሌላ መንገድ ያደገ ነው። የጠብ ሙከራ በአብዛኛው ወንድ ላይ ነው። የሰው ድብርትና ሴሮቶኒን ያላቸው ግንኙነትስ? በ2022 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ ወጥ የሆነ ማስረጃ የለም ብሎ ብዙ ጭቅጭቅ አስነሣ፤ እኔም ክፍል ውስጥ የነበረኝን አንድ ሥዕል ሰርዣለሁ።

ከሁሉ በላይ የምትቆረቁረኝ በጥናቱ ርእስ ላይ ያለች አንዲት ቃል ናት። የ2006ቱ አይጦች ብቻቸውን የተቀመጡ ነበሩ። ብቸኝነት ደግሞ ራሱ ሴሮቶኒንን ያናጋል፤ ቫልዜሊ ያሳየን እሱን ነው። ማንም በርጫ ላይ ብቻውን አይቀመጥም። ምንጣፍ አለ፣ ሻይ አለ፣ ክርክር አለ፣ «ስማ እንጂ» የሚል ጎረቤት አለ። የአይጡን ጓዳ ከዚህ ክፍል ጋር ለማስተካከል መጀመሪያ አይጡን ከጓደኞቹ ጋር ማስቃም ያስፈልጋል።

በማኅበር የሚኖር አይጥ ሲያስፈልግ ሩቅ መሄድ የለብንም። ጸጉር አልባው ፍልፈል፣ ሩፐል የተባለ ጀርመናዊ በ1842 ከኢትዮጵያ ናሙና ገልጾ ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ የዚህ የምሥራቁ ቆላ ልጅ ነው። በአንድ ጉድጓድ ሰባና ሰማንያ ሆነው ይኖራሉ፤ የምትወልደው አንዲት ንግሥት ናት፤ ሰነፉን እየገፋች ታሠራለች። ከሌላ ጉድጓድ የመጣውን ያጠቁታል፤ የራሳቸውንም ሰው በጠረኑና በጩኸቱ ዘዬ ይለያሉ፤ ንግሥቲቱ ስትጠፋ ዘዬውም ይላላል።

መኪናው ደረሰ። ልጁ ተነሥቶ ሮጠና ሙዝ ቅጠሉን እየገለጠ ተመለሰ። «እሺ አዴር፣» አለ፣ «አሁን ሴሮቶኒኔ ወጣ ወረደ?» «የት ላይ?» አልኩት። መልሴን አልጠበቀም፤ ከጓደኞቹ ጋር ወደ በርጫው ሄደ።