በውጭ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማስተማር ማመልከቻ የሚቀርብበት ጊዜ

በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ከሚገኙት ጓደኞቻችን መካከል የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ወደ ውጭ አገር ሄደው ለማስተማር የሚያስቡ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «የት ይሻላል?» የሚለው ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ «መቼ?» የሚለውን ለማስረዳት እንወዳለን። ጊዜውን ያልጠበቀ ማመልከቻ፣ አመልካቹ የቱንም ያህል ብቁ ቢሆን፣ አንድ ሙሉ ዓመት ያስቀራልና።

ዋናው ደንብ ይህ ነው፤ የማመልከቻው ጊዜ የሚቆጠረው አመልካቹ ከሚመረቅበት ቀን ወደ ፊት ሳይሆን፣ ትምህርት ቤቱ ከሚከፈትበት ቀን ወደ ኋላ ነው። ለዚህም የገዛ አገራችን ታሪክ ምስክር ይሆነናል። የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ አባላት፣ ቁጥራቸው ከ270 የሚበልጥ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነበር። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊያስተምሩ የመጡ ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት ክረምቱን በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነዋል። እንግዲህ በመስከረም ክፍል ለመግባት ማመልከቻቸው ከክረምቱ ቀድሞ መታየት ነበረበት ማለት ነው።

የትምህርት ዘመን አከፋፈት ግን በየአገሩ ይለያያል። በኬንያና በዛምቢያ ዓመቱ የሚጀምረው በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር ነው። በደቡብ ኮሪያ በየካቲት መጨረሻ ይጀምርና ሁለተኛው መንፈቅ በነሐሴ መጨረሻ ይቀጥላል። የኮሪያ መንግሥት ለትምህርት ቤቶቹ የእንግሊዝኛ መምህራን ሲቀጥር፣ ለነሐሴው መንፈቅ ከጥር መጨረሻ፣ ለየካቲቱም ከሐምሌ መጨረሻ አንሥቶ ማመልከቻ መቀበል ልማዱ ነው። ጃፓን በበኩሏ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ያመለከቱትን የምታስገባው በሚቀጥለው ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው። ስለዚህ በማመልከቻና በሥራ መካከል ከስድስት እስከ አሥር ወር ይቆያል ብሎ ማሰብ ይገባል።

ይሁን እንጂ ጊዜ ከመቁጠር አስቀድሞ በሩ ለማን እንደ ተከፈተ መመርመር ያሻል። የኮሪያው ደንብ በመሠረቱ የሚቀበለው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከሆነ ሰባት አገሮች የመጡትን ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ የአፍሪካ አገር ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ሌላው በር ደግሞ በመንግሥታት ስምምነት የሚከፈት ነው። ሩዋንዳ በ2001 ዓ.ም. የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ማዛወር ጀመረች፤ በ2014 ዓ.ም. ከዚምባብዌ ጋር ተስማምታ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን መምህራን ተቀበለች። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚጠበቀው የመንግሥት ማስታወቂያ እንጂ የግል ደብዳቤ አይደለም።

አሁን ወደ ዲላ እንመለስ። ተማሪው የሚመረቀው በሰኔ ወይም በሐምሌ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ስለሆነም ዲግሪውን ይዞ ማመልከት የሚጀምር ሰው የመስከረሙ በር ተዘግቶ ያገኘዋል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይም ከዩኒቨርሲቲው «በዚህ ጊዜ ይመረቃል» የሚል ደብዳቤ የሚቀበሉትን አገሮች ፈልጎ በመጨረሻው ዓመት አጋማሽ ማመልከት፣ ወይም በጥርና በየካቲት የሚከፈቱትን አስቦ በሐምሌ መጀመር።

የወጪውም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በጌዴኦ በብዙ ቤተሰብ እጅ ገንዘብ የሚገባው ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ፓስፖርት ለማውጣት፣ ሰነድ ለማረጋገጥና ወደ 360 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ ለመመላለስ የሚያስፈልገው ገንዘብ በዚያን ጊዜ ቢመደብ፣ ለጥር ማመልከቻ ይደርሳል። እስከ ሰኔ ቢቆይ ግን ብሩ በቤት ጉዳይ ያልቃል። ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚገልጸው የፖሊስ ማስረጃ ግን ብቻውን መጨረሻ ላይ ይወጣ፤ ብዙ ቀጣሪዎች ስድስት ወር ያለፈውን አይቀበሉምና።

በመጨረሻም በዞኑ ትምህርት ቤቶች በማስተማር ላይ ሳሉ ለሚያመለክቱ ወገኖቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በቡሌ ወይም በገደብ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር በዓመቱ መካከል ትቶ ቢሄድ የሚጎዳው የቋንቋው ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ሳይንሱም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ የሚያመለክት ሰው ከሚሄድበት አገር የመክፈቻ ቀን ሌላ የሚተወውን ክፍል የመዝጊያ ቀንም ይቁጠር። የነሐሴና የመስከረም በር ለእንዲህ ያለው መምህር የተሻለ ነው፤ ተማሪዎቹን በሰኔ አስፈትኖ፣ ውጤታቸውን አስረክቦ መሄድ ይችላልና።