ምግብ ቤት በረቡዕ ይመዘናል

በአዲስ አበባ ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰበ ባለሀብት አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በጥሬ ሥጋና በክትፎ ላይ ነው። ከተመጋቢው ወንበር ሲታይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ኪራይና ደመወዝ ጾም አያውቁም። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታዩ ደንበኛ ግን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታን 15 ቀን ይጾማል፤ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብም የጾም ቀናት ናቸው። ሥጋ ቤቱ ጭር በሚልበት በእነዚህ ቀናት፣ ጥሩ በየዓይነቱ የሚያቀርበው ቤት ወንበር አይገኝበትም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የአንድ ቤት ሙያም የሚለየው ያን ዕለት ነው። ሥጋው ከጥሩ በሬ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አልቋል። የጾም ሽሮና ምስር ወጥ ግን ቅቤ ስለማይገባባቸው የቁሌቱን መብሰልና የበርበሬውን ጥራት አይደብቁም፤ ያደረ እንጀራም ወዲያው ይታወቃል። የዘይት ዋጋ ሲንር ቁሌቱን የሚያሳንስ ባለቤት ያተረፈ ይመስለዋል፤ ደንበኛው ግን ቅሬታውን ሳይናገር ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በረቡዕ የሄደ ደንበኛ ደግሞ ጾሙ ሲፈታ ለክትፎም አይመለስም።

ስለዚህ የሚሸጥ ወይም የሚከራይ ምግብ ቤት የሚያይ ገዢ የቅዳሜ ምሽቱን ግርግር ብቻ አይመልከት። ረቡዕ ቀትር ላይ ገብቶ በየዓይነቱ ይዘዝ፤ ባዶውን ወንበርም ይቁጠር።