ትምህርት ቤት ከቤት ጋር አብሮ አይገዛም

ከሉዊስ ሴንተር፣ ኦሃዮ

አንድ ወዳጄ በሉዊስ ሴንተር ቤት ገዝቶ «መርቁልኝ» ሲል ጠርቶን ነበር። ቡናው ተፈልቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲያበቁ ከእንግዶቹ አንዱ «ለመሆኑ ከኮሎምበስ ይህን ያህል ርቀህ ምን አመጣህ?» ብሎ ጠየቀው። ወዳጄ ሌሊት መጋዘን ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ነው። መልሱ አጭር ነበር። «እኔ የገዛሁት ቤቱን አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን ነው» አለ። ሁላችንም «እሰይ!» አልን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጠይቀው ብሄድ የንብረት ግብሩን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲብከነከን አገኘሁት። «አብዛኛውን የሚበላኝ ትምህርት ቤቱ ነው! የጠየቁትን ሁሉ ማን እንደሚፈቅድላቸው አላውቅም» አለኝ። «አንተስ ድምፅ ሰጥተህ ነበር ወይ?» አልኩት። አልሰጠም። ዜግነት ከወሰደ ግን አምስት ዓመት አልፎታል።

ልፈርድበት አልቻልኩም። እኔ ራሴ በባዕድ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ስለ ሌሎች አገሮች ምርጫ እየጻፍኩ እንጀራዬን በልቼ፣ የሰፈሬን የትምህርት ቦርድ አባላት ስም ጥራ ብባል አንዱንም አልጠራም ነበር። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ኀፍረት ነው። (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ከንቲባ የሌላት መንደር

ሉዊስ ሴንተር ከኮሎምበስ በስተሰሜን፣ በዴላዌር ካውንቲ የምትገኝ ሰፈር ናት። በሕግ ከተማ ተብላ ስላልተቋቋመች ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የላትም። ነዋሪውን ከሚያገናኙት የሕዝብ ተቋማት ዋነኛው የኦለንታንጂ የትምህርት ዲስትሪክት ነው። ስሙን የወሰደው በአካባቢው ከሚፈሰው ወንዝ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ሉዊስ ሴንተር ነው።

ዛሬ ቤት በቤት የሆነው መሬት ትናንት እርሻ ነበር። እስከ 2003 ድረስ ዲስትሪክቱ የነበረው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። በ2003 ሊበርቲ፣ በ2008 ኦሬንጅ፣ በ2018 ደግሞ በርሊን የተባሉት ተከፈቱ። በ15 ዓመት ውስጥ አንዱ አራት ሆነ ማለት ነው። ተማሪው ከ20 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ዲስትሪክቱም በኦሃዮ ካሉት ትላልቆች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

እንግዲህ እነዚህ ሕንጻዎች ከሰማይ አልወረዱም። ከቤቱ ዋጋ ጋር ተጠቅልለውም አልተሸጡም። እኛ ገና ሳንመጣ ጎረቤቶቻችን ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደው፣ «ከኪሳችን ይውጣ» ብለው የፈቀዷቸው ናቸው።

ሚል የሚሉት ነገር

ወዳጄን ያበሳጨው ሒሳብ እንዲህ ነው። በኦሃዮ የንብረት ግብር ከ10 ሚል በላይ እንዲሄድ መራጩ ሕዝብ መፍቀድ አለበት። አንድ ሚል ማለት ከሺህ አንድ ነው። ግብሩ የሚታሰበው ደግሞ በቤቱ ሙሉ ዋጋ ላይ ሳይሆን በ35 በመቶው ላይ ነው። ስለዚህ 100,000 ዶላር የተገመተ ቤት ግብር የሚታሰብበት 35,000 ዶላር ሲሆን፣ አንድ አዲስ ሚል በዓመት 35 ዶላር ያስከፍላል። ቤቱ 400,000 ዶላር ከሆነ 140 ዶላር ማለት ነው።

«ታዲያ አንዴ ከፈቀድንላቸው ለምን ተመልሰው ይጠይቁናል?» የሚል ብዙ ነው። መልሱ በ1976 በወጣ ሕግ ውስጥ አለ። በዚያ ሕግ መሠረት የቤቶች ዋጋ በግምት ከፍ ሲል፣ ሕዝብ የፈቀደው ሌቪ መጣኔ ዝቅ ይላል። ዓላማው ከነባሮቹ ቤቶች የሚሰበሰበው ገንዘብ ከዋጋው ጋር አብሮ እንዳያድግ ነው። ባለቤትን ከድንገተኛ ጭማሪ ይከላከላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የመምህሩ ደመወዝ፣ የአውቶቡሱ ነዳጅ፣ የማሞቂያው ወጪ ይጨምራሉ። አሮጌው ሌቪ ባለበት ይቆማል። ዲስትሪክቱ በየጥቂት ዓመቱ ደጃችንን የሚያንኳኳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ዲሮልፍ በተባለው ክስ ላይ፣ ግዛቲቱ ትምህርት ቤቶቿን ይህን ያህል በንብረት ግብር ላይ ማንጠልጠሏ ከሕገ መንግሥቷ ጋር አይሄድም ብሎ ፈረደ። ሀብታም ሰፈር ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ድሀ ሰፈር የሚያፈስ ጣሪያ መያዙን ተመልክቶ ነው። ፍርዱን በ2000 እና በ2002 ደገመው። የሕግ አውጪው ምክር ቤት በ2021 አዲስ የበጀት ቀመር አወጣ። የንብረት ግብሩም አልቀረም። እንዲያውም በ2025 የንብረት ግብር ከናካቴው ይሰረዝ የሚል ዘመቻ በግዛቲቱ ሁሉ ተነሥቷል። የኦለንታንጂ መራጮች በማርች 2024 የሕንጻ ቦንድና የሥራ ማስኬጃ ሌቪ ሲያጸድቁ ከየቤቱ «ለትምህርት ቤቱ እንክፈል» እና «በዛብን» የሚሉ ሁለት ድምፆች ተሰምተዋል። ሁለቱም የዜጋ ድምፆች ናቸው። ያልተሰማው የኛ ነው።

መምህሩ ተማሪ ሲሆን

ገንዘብ ግንብ ይሠራል እንጂ ልጅ አያስተምርም። ልጁን የሚያስተምረው ሰው ነው። የሠራተኛው ድካም ደግሞ ለወላጅ ዐይን ብዙም አይታይም።

የኦሃዮ መምህር ፈቃዱን በየአምስት ዓመቱ ማሳደስ አለበት። ለዚህም በየጊዜው ይማራል፤ ወይ ስድስት ሰሚስተር ሰዓት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ ወይ ከዚያ ጋር የሚመጣጠን 180 ሰዓት ሥልጠና። ከዚህም አልፎ በ1987 የተቋቋመው ብሔራዊ የመምህራን ቦርድ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት በፈቃዳቸው የሚፈልጉ አሉ። ይህኛው ፈተና ብቻ አይደለም። መምህሩ ሲያስተምር ራሱን በቪዲዮ ቀርጾ፣ የተማሪዎቹን ሥራ አያይዞ፣ «ይህን ያደረግሁት ስለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» እያለ ጽፎ ለማያውቃቸው ባልደረቦች ያቀርባል። ስሕተቱን በገዛ እጁ ጽፎ የሚሰጥ ባለሙያ በየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የምናገኘው?

በየትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል ወይም አንድ ትምህርት የሚያስተምሩት መምህራን በቡድን ይቀመጣሉ። የልጆቹን ውጤት ዘርግተው የትኛው ልጅ የቱ ላይ እንደተሰናከለ ያያሉ፤ አንድ ዘዴ መርጠው ይሞክራሉ፤ ውጤቱን መልሰው ይመዝናሉ። «የማያቋርጥ መሻሻል» የሚሉት ይህንኑ ነው። ጥሩ የሚባል ትምህርት ቤት ጥሩ የሚሆነው «ደርሰናል» ባለማለቱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2023 ኦሃዮ የንባብ ትምህርት እንዲለወጥ ሕግ አወጣች። ልጁ ቃሉን ከሥዕሉ ወይም ከዐረፍተ ነገሩ እየገመተ እንዲያነብ የሚያደርገው ዘዴ ቀርቶ፣ ፊደልን ከድምፁ እያገናኘ በደምብ እንዲማር ታዘዘ። የትናንሽ ልጆች መምህራን፣ ሃያ ዓመት ያስተማሩት ጭምር፣ እንደገና ለሥልጠና ተቀመጡ። ይህን ስሰማ የኔታ ትዝ አሉኝ። በስንደዶ እየጠቆምን «ሀ ሁ ሂ» ስንቆጥር አንዷን ፊደል ሳንለይ ወደ ቀጣይዋ አያሳልፉንም ነበር። ፈረንጅ በጥናት ወደዚያው ተመልሷል። እኔን የደነቀኝ ግን የለመዱትን ትተው እንደገና ለመማር የተቀመጡት መምህራን ናቸው።

ከዚያ ወደ ደቡብ

ከሉዊስ ሴንተር ወደ ደቡብ ብዙም ሳይነዱ የኮሎምበስ ከተማ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት እዚያ ነው። በኦገስት 2022 የከተማው መምህራን ሥራ አቆሙ። ከ1975 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ወደ 4,500 የሚሆኑት የማኅበሩ አባላት ከጠየቁት ዋናው የክፍል ተማሪ ቁጥር እንዲቀነስና በሙቀት የሚጋገሩት ክፍሎች ማቀዝቀዣ እንዲገባላቸው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ስምምነት ተደርጎ ወደ ሥራ ተመለሱ።

በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ግዛት ሕግ ሥር ይህን ያህል ልዩነት አለ። የኮሎምበስ መምህር ከሉዊስ ሴንተሩ አንሶ አይደለም። በዙሪያው ያለው የሀብት መጠን ስለሚለያይ ነው። ወደ ሰሜን የወጣነው ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ የመጣንበትን ሰፈር ልጆች መርሳት ነውር ነውና።

አገር ቤትም ዐይናችንን ብንጥል ያው ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2022 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2025 ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ። በአማራ ክልል ከ2023 ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕጻናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ የገጠሩ ወላጅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ዕንጨት ቆርጦ የሰፈሩን ትምህርት ቤት ሲሠራ ኖሯል። ያንን ያደረገው ገበሬ ልጅና የልጅ ልጅ ነን። ታዲያ እዚህ ስንመጣ ትምህርት ቤትን እንደ ሱቅ ዕቃ መቁጠር ከየት ተማርን?

እኛስ?

መጀመሪያ፣ ልጅ ሲመዘገብ በቤት የሚነገረው ቋንቋ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን ልጁ ኢ.ኤስ.ኤል. ክፍል እንዳይገባ ፈርተን «እንግሊዝኛ» ብለን እንሞላለን። ይህ ራስን መጉዳት ነው። ድጋፉ ቅጣት አይደለም፤ ችሎታው በየዓመቱ ተፈትኖ ሲበቃ ከዚያ ይወጣል። መብቱ የተገኘው በሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ስደተኛ ቤተሰቦች ከሰው በ1974 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተው ነው። እነሱ ዋጋ የከፈሉበትን እኛ በኀፍረት አንጣለው።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቦርዱ አምስት አባላት በሕዝብ የሚመረጡ ናቸው፤ ምርጫውም በጎደሎ ቁጥር ዓመታት በኖቬምበር ይካሄዳል። ዜጋ የሆነ ይምረጥ። ሌቪውን ደግፎም ይሁን ተቃውሞ ሒሳቡን ዐውቆ ይምረጥ። ዜጋ ያልሆነ ግን ማንም «ችግር የለም» ቢለው በመራጭነት እንዳይመዘገብ፤ መዘዙ ከባድ ነው። የቦርዱ ስብሰባ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ገብቶ መስማት ይችላል።

ሦስተኛ፣ እናመስግን። ሠራተኛ ስንል መምህሩን ብቻ ማለታችን አይደለም። ምግብ የምታበስለው፣ ወለል የሚያጸዳው፣ አውቶቡስ የምትነዳው ሁሉ በልጃችን ትምህርት ውስጥ እጃቸው አለበት።

ወዳጄና እኔ አንድ ማታ ተያይዘን ወደ ቦርድ ስብሰባ ሄድን። እርሱ ወደ ሌሊት ሥራው ከመግባቱ በፊት ነበር፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ከኋላ ተቀመጥን። ከጉዳዮቹ አንዱ ጡረታ የሚወጡ ሠራተኞችን ማመስገን ነበር። አንዲት ሴት ስሟ ሲጠራ ተነሥታ ወደፊት ሄደች። ወዳጄ ክንዴን ያዘኝ።

«ይህቺን ሴትዮ ዐውቃታለሁ። እኔ ከሥራ ስገባ ልጄን ከደጄ የምትወስደው እሷ ናት። በዚያ ሁሉ በረዶ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ስሟን ግን ገና ዛሬ ሰማሁ።»

ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ እርሱም ተነሣ። ከሁሉ ኋላ የተቀመጠውም እርሱ ነበር።

ስንወጣ የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀኑን ስልኩ ላይ ጽፎ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

ቸር እንሰንብት።