የአገር ውስጥ በረራ ከትናንሽ ከተሞች ለምን ራቀ? - ከመርጡለ ማርያም መንገደኛ አንጻር

በምሥራቅ ጎጃም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከመርጡለ ማርያም ተነስቶ ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ የሚገባ የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት አማራጮች አሉት። አንደኛው ደጀንን ከሞጣና ከባሕር ዳር ወደሚያገናኘው መንገድ ወጥቶ፣ ወደ ደቡብ በመታጠፍ የአባይን በረሃ በመኪና ማቋረጥ ነው። ሁለተኛው በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ተጉዞ ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መብረር ነው።

ከባሕር ዳር ቦሌ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ የሚፈጅ በመሆኑ ሁለተኛው አማራጭ ለሰሚው ፈጣን ይመስላል። ይሁንና ባሕር ዳር ለመድረስ የሚያልፈው ጊዜ፣ ከበረራው አስቀድሞ በማረፊያው የሚጠፋው ሰዓት፣ መኪናው ከዘገየም የአንድ ሌሊት አዳር ሲታከልበት ትርፉ እጅግ ይጠባል። የውሎ አበል ጥያቄ የሚፈርም የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይህን ስሌት በሚገባ ያውቀዋል። ጉዳዩ ከውሎ አበል በላይ የሚሆነው ግን ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ በዚያው መንገድ ሲጓዝ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ጥቂት የጦርነት ትራፊ ዳግላስ ሲ 47 አውሮፕላኖች የነበሩት አነስተኛ የመንግሥት ድርጅት ነበር። በአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. አየር መንገድ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በእነዚያ አውሮፕላኖች መንገደኛው የሚቀመጠው ግድግዳውን ተከትሎ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ሲሆን፣ መካከሉ ለጭነት ይተው ነበር። ቡናና ቆዳ ከመንገደኛ ጋር አብሮ የሚበርበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

የመኪና መንገድ ባልተስፋፋበት በዚያ ወቅት አውሮፕላን ለብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የቅንጦት ሳይሆን የመጀመሪያው መጓጓዣ ነበር። ዲሲ 3 በሚል ስም የሚታወቀው ይኸው አውሮፕላን በሣርና በጠጠር ሜዳ ላይ ማረፍ በመቻሉ፣ ዛሬ መደበኛ በረራ ይኖራቸዋል ተብለው የማይታሰቡ ከተሞች የበረራ ጣቢያ ሆነው አገልግለዋል። ደብረ ማርቆስ ዲቢኤም፣ ሞጣ ደግሞ ኦቲኤ የሚሉ ባለሦስት ፊደል ዓለም አቀፍ መለያዎች ያገኙት በአጋጣሚ አይደለም። ሜዳው ግን ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ የምሥራቅ ጎጃም ጥቁር አፈር እግረኛን እንኳ እንደሚያጣብቅ የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ የአውሮፕላን ጎማንም አይምርም።

በረራው ከትናንሽ ከተሞች የራቀበት ዋነኛ ምክንያት የአውሮፕላኖቹ ማደግ ነው። ከዲሲ 3 ቀጥሎ 20 የማይሞሉ ሰዎችን የሚጭነው ትዊን ኦተርና ኤቲአር 42 ወደ አገልግሎት ገቡ። ከዚያም 50 ያህል መቀመጫ ያለው ፎከር 50 ተከተለ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ደግሞ ከ70 በላይ መንገደኛ የሚይዘው ኪው 400 መግባት ጀመረ። አውሮፕላኑ በጨመረ ቁጥር ረዘም ያለና አስፋልት የለበሰ ማኮብኮቢያ ይጠይቃል። ለነገሩ ይህ ዕጣ የደረሰው በገጠር ከተሞች ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም ቢሆን የልደታው ማረፊያ ለጄት አጭር በመሆኑ፣ በ1955 ዓ.ም. ጄቶች ሲመጡ ሥራው ወደ ቦሌ መዛወሩ የሚታወስ ነው።

የጎጃም ደጋ ተጨማሪ ችግር አለበት። በ2ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ሞተሩ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ኪው 400 ሙሉ ጭነት ይዞ በባሕር ጠለል ለመነሳት 1ሺህ 400 ሜትር ያህል የሚበቃው ቢሆንም፣ በደጋ በተለይም ፀሐይ በጠነከረ ቀን ከዚያ እጅግ የረዘመ ማኮብኮቢያ ያስፈልገዋል። አለዚያ መንገደኛ ወይም ጭነት መቀነስ ግድ ይሆናል። መቀመጫ ባዶ ሆኖ እያለ ሻንጣ ወደኋላ ሲቀር የሚያጉረመርም መንገደኛ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ይኸው መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

ሌላው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የአገር ውስጥ ትኬት በብር ይሸጣል፤ ነዳጅና መለዋወጫ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። አጭር በረራ ደግሞ አብዛኛውን ነዳጅ የሚያቃጥለው በመነሳትና ከፍታ በመያዝ ላይ ነው። ስለዚህ ግማሹ ባዶ የሆነ የ40 ደቂቃ በረራ ወጪውን ለመሸፈን ይቸገራል። በሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት መንግሥት በግልጽ በጀት ይሞላዋል። አሜሪካ በ1971 ዓ.ም. ገደማ የአየር ትራንስፖርት ገበያዋን ነፃ ስታደርግ ለትናንሽ ከተሞች በረራ ድጎማ መድባለች። ኖርዌይም በተራራማ ወረዳዎቿ 800 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ማኮብኮቢያዎች ሠርታ፣ አነስተኛ አውሮፕላኖች እንዲያገለግሉባቸው በጨረታ ክፍያ ትሰጣለች። በኢትዮጵያ ሸክሙን በብዛት የሚችለው የአየር መንገዱ ዓለም አቀፍ ገቢ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተዋህዶ ግሩፕ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስም ግሩፑን በባለቤትነት ይዟል። በመሆኑም አብራሪውም ማረፊያ ሠሪውም አንድ ድርጅት ነው። ማረፊያ የሚጠይቅ ወረዳ ወይም ዞን ሊያቀርብ የሚገባው የሕዝብ ብዛትን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚበር መንገደኛና የሚጫን ምርት መኖሩን ጭምር ነው። መርጡለ ማርያምን በተመለከተ፣ በትውፊት ከአብርሃና አጽብሐ ጋር የሚያያዘውና እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ገዳም የሚጠራው ጎብኚ በሒሳቡ ሊገባ ይችላል፤ ብቻውን ግን አውሮፕላን አይሞላም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተከሰተው የፀጥታ ችግር ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ ለቀናት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ለምሥራቅ ጎጃም መንገደኛ ይህ ማለት ያለው አንድ የአየር በር ተዘጋ ማለት ነበር። ባለፉት ዓመታት በደብረ ማርቆስ የተጀመረው የአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ በዞኑ ትኩረት ያገኘውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ በመሆኑ የከተማው ነዋሪ ከመኪናና ከአውሮፕላን ዋጋ አመዛዝኖ መምረጥ ይችላል። ለመርጡለ ማርያሙ ሰው ግን በረራው ከየትም ይነሳ ከየት፣ ቀድሞ የሚያሳስበው ከከተማው እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጉዞ በክረምት መኪና ማሳለፍ አለማሳለፉ ነው።